ኖኅን መሸፈንና ደዌን መሸሸግ

በቤተ ሰብ መካከል ከሚነሡት ደዌዎች ሁሉ ስሙን ለመጥራት እጅግ የሚታፈረው የመጠጥ ሱስ ነው። አንድ ሰው ወባ ቢይዘው ጎረቤት ሁሉ ይጠይቀዋል፤ እግሩ ቢሰበር ዕድርተኛው ምርኩዝ ይዞለት ይመጣል፤ አረቄ ያሸነፈው እንደ ሆነ ግን በሩ ይዘጋል፥ ልጆቹም በውጭ እንዳይናገሩ ይታዘዛሉ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው የተረቱት ለእንዲህ ያለው ቤት ይመስለናል።

ይህ መሸሸግ የሚመጣው ከክፋት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሁላችን የኖኅን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። ጻድቁ ኖኅ ከጥፋት ውሃ በኋላ ወይን ተከለ፤ ከወይኑም ጠጥቶ ሰከረ፥ በድንኳኑም ውስጥ ራቁቱን ተኛ። ካም ያባቱን ኀፍረት አይቶ በውጭ ለነበሩት ወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው የኋሊት እየሄዱ ሸፈኑት። ስለዚህ የባሏን ስካር ለሰው ያልነገረች ሚስት፥ ያባቱን ነውር በትምህርት ቤት ያልገለጠ ልጅ፥ ሴምንና ያፌትን የመሰሉ ይመስላቸዋል። ሐሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ ሴምና ያፌት ወደ ድንኳኑ ገቡ እንጂ ድንኳኑን በላዩ ዘግተውበት አልሄዱም። ኀፍረትን መሸፈን ማለት ወደ ሕመምተኛው መቅረብ ነው፤ ደዌን መሸሸግ ግን ሕመምተኛውን ብቻውን መተው ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልንናገር የወደድነው የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ነው።

የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘነውን አይደለም። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ባልደረባ አለን፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣነው እኛ ስለ ሆንን አበልጃችንም ነው። ስሙን አንጽፍም፤ ታሪኩ ግን ለሌላ ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ እንዲጻፍ እርሱም ባለቤቱም ፈቅደውልናል።

የምንኖርበት ደብረ ብርሃን ብርድ የጸናበት አገር ነው፤ አረቄም በየመንደሩ ይወጣል። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉትና ያስተማሩት ጠላ ጠምቀውና አረቄ አውጥተው ነውና በነርሱ ላይ አንፈርድም። አበልጃችን መጠጣት የጀመረው ብርዱን ለመከላከል ብሎ በአንድ መለኪያ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ መለኪያው ወደ ብርጭቆ፥ ማታውም ወደ ጧት ተለወጠ፤ በመጨረሻም ማለዳ ካልቀመሰ እጁ ጠመኔ መጨበጥ የማይችል ሆነ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ቁጥር የተንቀጠቀጠ፥ ከዕረፍት በኋላ የሚጽፈው ግን ቀጥ ያለ መሆኑን ተማሪዎቹ ለይተውት ነበር። ባለቤቱም ከሥራ በቀረ ቀን ሁሉ «ራሱን አሞት ነው» የሚል መልእክት በልጅዋ እጅ ትልክ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ዘመዶች ተሰብስበው አስማሉት። ሐምሌ 30 ቀን ማታ የመጨረሻውን ጠጥቶ በማግሥቱ ጾሙን ጀመረ። ቤቱም ደስ አለው። ነገር ግን በዚያው ሌሊት ላብ አጠመቀው፥ እጆቹም ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ በሁለተኛው ቀን እህል አልቀምስ፥ እንቅልፍም እንቢ አለው። በሦስተኛው ሌሊት በግድግዳው ላይ የሚርመሰመስ ነገር ታየው፤ ኋላም ከአልጋው ተነሥቶ ቆመና በዚያ ለሌሉ ተማሪዎች ማስተማር ጀመረ። ባዶውን ግድግዳ እንደ ሰሌዳ አድርጎ በጣቱ ይጽፍበት፥ መልሱንም ይጠይቃቸው ነበር።

እኛ በተጠራን ጊዜ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከፊሉ «መሐላው ያስቈጣው ርኩስ መንፈስ ነው» ይላል፤ ከፊሉ መኪና ተከራይቶ በሌሊት ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሊወስደው ይሻል፤ አንዱም ገመድ ይዞ ቆሟል። በዚህ መካከል የነፍስ አባታቸው አረጋዊው ቄስ መጡ። መስቀላቸውን አሳልመው ጸሎት ካደረሱ በኋላ ወደ ባለቤቱ ዘወር ብለው፥

«ልጄ፥ የመጨረሻውን የጠጣው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባቴ፥ ከማለ ወዲህ አልቀመሰም፤ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

«እንግዲያውስ ያን ገመድ መልሱት። ወደ ጠበሉ የሚሄድበት ቀን ይመጣል፤ ዛሬ ግን ሐኪም ቤት ይግባ።»

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የንስሐ ልጃቸውን በዚሁ ዓይነት ሌሊት ማጣታቸውን ኋላ ነገሩን። በሆስፒታሉም የድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ነርስ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ያንኑ የቄሱን ጥያቄ ነበር።

ሐኪሙ ያስረዱንን ነገር እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ቢያውቀው ነፍስ ያድናልና እንደሚከተለው እናቀርበዋለን። አልኮል የአእምሮን ሥራ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ሰው ለብዙ ዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ አእምሮው ያን ማቀዝቀዝ ለመቋቋም ከልክ በላይ መሥራትን ይለምዳል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ፥ በገመድ ወደ ኋላ ተጎትቶ የነበረ በሬ ገመዱ ሲበጠስ ወደ ፊት እንደሚወረወር፥ አእምሮም ያለ ልጓም ይሮጣል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ መንቀጥቀጥ፥ ላብና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜም አንዳንዱ ሰው የሌለውን ያያል፥ የት እንዳለም አያውቅም። ይህ የመጨረሻው ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ሐኪሞች ዲያዜፓም የተባለውን ወይም የርሱን ዓይነት መድኃኒት ሰጥተው በየቀኑ መጠኑን እየቀነሱ አእምሮውን ያረጋጋሉ፤ ታያሚን የሚባለውንም ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጣሉ፤ ይህ ቫይታሚን በብዙ ጠጪዎች ሰውነት ውስጥ ስለሚጎድል፥ ቸል ከተባለ የማስታወስን ኀይል ለዘለቄታው ይጎዳልና ነው።

የሚጠጣ ሁሉ ሲያቆም እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን ጧት ካልጠጣ የሚንቀጠቀጥ ሰው፥ ከዚህ ቀደምም ሲያቆም የተንፈራገጠ ሰው፥ ሐኪም ሳያየው በመሐላ ብቻ ድንገት እንዲያቆም ማድረግ ለገደል መስጠት ነው። መሐላውን ማለት የፈለገ ቤተ ሰብ በመጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህን ስንናገር ጠበሉን ማቃለላችን አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር ብሎ ያስተማረን፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን የነገረን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱ የማይጣሉ የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ለምእመናን አስተምረዋል። ለዚያ ደዌ የተነገረው ትምህርት ለዚህም ይሠራል። አበልጃችንም ከሆስፒታል ወጥቶ ሰውነቱ ከጠና በኋላ ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዶ ተጠምቋል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲሄድ ነግረው አሰናብተውታል።

እንግዲህ ሕክምናው የት ይገኛል? ብዙ ሰው የሱስ ሕክምና በአዲስ አበባ ብቻ ያለ ይመስለዋል። የመጀመሪያው በር ግን በየቀበሌው አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ባልሆኑ የጤና ባለሙያዎች እጅ እንዲሰጥ የሚያደርግ መርሐ ግብር አውጥቷል፤ የአልኮልና የአደንዛዥ ነገሮች ሱስም በዚያ መርሐ ግብር ከተካተቱት ሕመሞች አንዱ ነው። አገራችንም ይህን መርሐ ግብር ተቀብላ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ስታሠለጥንበት ቆይታለች። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ሕመምተኛውን ይዞ ሄዶ፥ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፥ ስንት ዓመት እንደ ጠጣ፥ ሲያቆም ምን እንደሚሆን፥ ሌላም ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳይደብቅ ይንገር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ከዐቅሙ በላይ ከሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል በደብዳቤ ይልካል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፈ ቤተ ሰብም ይህን የመላኪያ ደብዳቤ መያዝ አለበት፤ ያለ ደብዳቤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ወጪ ሊያጋጥመው ይችላልና።

በአዲስ አበባ በ1930 ዓ.ም. ገደማ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል በአገራችን የታወቀው የአእምሮ ሕክምና ቤት ነው፤ የሱስ ሕሙማንንም ያክማል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም ለሱስ ሕሙማን ሕክምና ይሰጣል። አማኑኤል መሄድ «አብዷል» የሚያሰኝ ሆኖ ስለሚቈጠር ብዙ ቤተ ሰብ ከደጃፉ ይመለሳል። እኛ ግን አበልጃችንን ለክትትል ይዘን በሄድን ጊዜ በወረፋው መካከል መምህር፥ ሾፌር፥ ነጋዴና የቤት እመቤት ተቀምጠው አይተናል። ያን ቀን ያየናቸው ሰዎች በገበያና በቤተ ክርስቲያን ዕለት ዕለት የምናያቸውን ሰዎች የሚመስሉ ናቸው።

አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። «በሳምንት ሱስ እናስተዋለን» የሚል ቃል ሰምታችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፥ ቤቱ ከጤና ቢሮ ፈቃድ እንዳለው፥ የሚያክመውም ሐኪም ማን እንደ ሆነ፥ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ የሚከታተለው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቤት ሕክምና ቤት አይደለም።

አበልጃችን በሆስፒታል ስምንት ቀን ተኝቶ ወጣ። ዘመዶች ሁሉ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው፤ ሥራው የተጀመረው ግን ያን ጊዜ ነበር። ጌታችን በምሳሌ የተናገረለት ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ቁስል አስሮ ብቻ አልሄደም፤ በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፥ ሁለት ዲናር ከፈለለት፥ ስመለስ የጎደለውን እሰጣለሁ ብሎም ቃል ገባ። ብዙዎቻችን ቁስሉን እስከ ማሰር እንደርሳለን፤ ጥቂቶቻችንም ሁለቱን ዲናር እንከፍላለን፤ የሚመለሰው ግን ማን ነው?

ከአምስት ወር በኋላ በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል አበልጃችን ከዘመድ ቤት ተጠራ። ጋባዡም ክፋት ሳያስብ «ለታቦቱ ክብር አንዲት ብቻ» ብሎ ለመነው። አንዲቱ በማግሥቱ ሌላ አመጣች። ባለቤቱ ወደ ቤታችን መጥታ «አበልጄ፥ ድካማችንን ሁሉ ውሃ በላው» ብላ አለቀሰች። ነገር ግን በዚያ ሰኞ ለትምህርት ቤቱ «ራሱን አሞት ነው» የሚል መልእክት አልላከችም። ለርእሰ መምህሩ እውነቱን ተናገረች፤ ለነርሷም ስልክ ደወለች፤ ቄሱንም ጠራች። እርሱም በዚያው ሳምንት ወደ ሕክምናው ተመለሰ። ሐኪሙ እንደ ነገሩን፥ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱ አንድ ቀን ቢወጣበት መድኃኒቱ ከንቱ ነበር እንደማይባል፥ የሱስ ሕመምተኛም አንድ ጊዜ ቢወድቅ ያሳለፋቸው አምስት ወራት አይፋቁም። ልዩነቱ ከመውደቅ በኋላ በሩ ተዘግቶ በመቅረቱና በመከፈቱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አበልጃችን አልቀመሰም። ይህንንም የምንጽፈው በምስጋና እንጂ በመመካት አይደለም፤ እርሱ ራሱ «ዛሬን ቆሜአለሁ» ይላል እንጂ «ድኜአለሁ» አይልም።

ከዚህ ቤት ያየነውንና ከሐኪሞች የሰማነውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፥ ከሰከረ ሰው ጋር በስካሩ ሰዓት መሟገት ዋጋ የለውም። ቃላችሁን ለጧት አቆዩለት፤ ያን ጊዜም ስድብ ሳትጨምሩ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት። «አንተ ሰካራም» ከማለት «ትናንት ማታ ልጅህ ፈርታ አልጋ ሥር ተደበቀች» ማለት ይበልጥ ወደ ልብ ይገባል።

ሁለተኛ፥ ዕዳውን ከመክፈልና ውሸት ከማዋስ ተቈጠቡ። ልብሱን ማጠብ፥ እህል ማቅረብ፥ ሐኪም ቤት መሸኘት ርዳታ ነው፤ የመሸታ ቤት ሒሳብ መክፈልና ለአለቃው መዋሸት ግን ደዌውን መመገብ ነው።

ሦስተኛ፥ ከሕክምና በተመለሰ ጊዜ አረቄና ጠጅ ከቤት ይውጣ። በጽዋ ማኅበርና በዝክር ቀን ያልፈላ ብርዝ ወይም ውሃ ለርሱ ብቻ ተለይቶ ሳይሆን ለሌሎችም ጭምር ይቅረብ፤ ብቻውን የሚለይ ብርጭቆ ጣት መጠቆሚያ ነውና። «አንዲት ብቻ» የሚል ዘመድ በቤታችሁ ከተነሣ ቀድማችሁ እናንተ መልሱለት።

አራተኛ፥ ምኞትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉና ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሐኪሙ ያዘዘውንም ሻል ሲለው አታቋርጡበት። የንስሐ አባቱም በየጊዜው ይጐብኙት፤ ተግሣጹ ከሐኪሙ ምክር ጋር የተስማማ ይሆን ዘንድ ቄሱና ሐኪሙ ቢተዋወቁ እጅግ መልካም ነው።

አምስተኛ፥ መደባደብ ያለበት ቤት ከሆነ፥ ሚስትና ልጆች ወደ ደኅና ቦታ መሄድ አለባቸው። በዱላ ሥር መታገሥን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም። ከርቀት ሆኖም መርዳት ይቻላል።

ስድስተኛ፥ ሕመምተኛው ብቻውን አይሁን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በአክሮን ከተማ፥ በመጠጥ የተሸነፉ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው እርስ በርሳቸው በመነጋገር ሊጸኑ ጀመሩ፤ ከዚያ የተነሣው አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር በብዙ አገር ተስፋፍቷል። እኛ ኢትዮጵያውያን በወር በወር ተሰብስቦ ችግርን መካፈልን ከማንም መማር አያሻንም፤ ጽዋውም ዕድሩም ሰንበቴውም አለን። የጎደለን በነዚያ ማኅበሮች ውስጥ ይህን ደዌ በስሙ መጥራት ነው።

ስለ ልጆቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። በትምህርት ቤት የምናየው ፈተና በብዙው የሚጀምረው ከጫት ነው። ተማሪው ለፈተና ሊያጠና ብሎ ይቅማል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ እንቅልፉን ይነሣዋል፤ ከዚያም ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ ይጠጣል፤ በዚህ መንገድ አንዱ ሱስ ሌላውን ይጠራል። ጫት ሲተው ከባድ እንቅልፍ፥ ድካምና ኀዘን ይመጣል፤ እንደ አልኮሉ ሕይወትን ወዲያው የሚያሰጋ ባይሆንም ኀዘኑ ከበረታ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ፥ በራዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ ልጅን ወደ ግሮሰሪ ልኮ ቢራ የሚያስመጣ አባት ግን ሕጉን በገዛ ደጃፉ ይሽረዋል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ይህን ስታነቡ በልባችሁ የመጣ አንድ ሰው ይኖራል፤ ባል ይሁን፥ ልጅ ይሁን፥ ወንድም ይሁን፥ እናት ትሁን። ስለ እርሱ በመንደር አታውሩ፤ ይህ የካም ሥራ ነው። ደጃፉንም ዘግታችሁ አትለፉ። ነገ ጧት ሳይቀምስ በፊት ገብታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ «ና፥ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» በሉት። እንቢ ቢል ሌላ ቀን ተመለሱ። ልብሱን በጫንቃችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ሸፍናችሁትም እስኪነሣ ድረስ ከድንኳኑ አትራቁ። እግዚአብሔር በየቤቱ ያለውን ሕመምተኛ ይማርልን።